ወጋጎዳ፦ የቋንቋ ፍትሕና አብሮነት በሰሜን ኦሞ የትምህርት ታሪክ

1. መግቢያ

በ1992 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በቀድሞው የሰሜን ኦሞ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዳዲስ መማሪያ መጻሕፍት ተሠራጩ። መጻሕፍቱ የተጻፉበት ቋንቋ ወላይትኛ አልነበረም፤ ጋሞኛም፣ ጎፍኛም፣ ዳውሮኛም አልነበረም። ከአራቱ ተውጣጥቶ የተዋቀረ፣ ስሙም ከአራቱ ሕዝቦች ስም የመጀመሪያ ቀለሞች የተቀናበረ «ወጋጎዳ» የተባለ የጽሑፍ ቋንቋ ነበር። መጻሕፍቱ ከገቡ ሦስት ወር ሳይሞላ በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት እንዲወጡ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ራሱ ተከፋፍሎ ከካርታ ጠፋ።

ይህ ታሪክ በአብዛኛው የሚወሳው እንደ አስተዳደር ስሕተት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ጉዳዩን ሰፋ ባለ ጥያቄ ውስጥ አስቀምጦ መመርመር ነው። አንድ መንግሥት ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈን መዋቅራዊ ኢፍትሐዊነት ሲያርም፣ እርማቱ ራሱ ጎረቤትን ከጎረቤት እንዳያጣላ ምን ማድረግ ይገባዋል? በሰሜን ኦሞ ሁለት ተገቢ ዓላማዎች ነበሩ። አንደኛው ከትምህርትና ከጽሕፈት ተገልለው የኖሩ ቋንቋዎችን ወደ መማሪያ ክፍል ማስገባት ነበር፤ ሁለተኛው ተቀራራቢ ሕዝቦች በአንድ አስተዳደር አብረው እንዲዘልቁ ማድረግ። ሁለቱን በአንድ መሣሪያ ለማሳካት የተደረገው ሙከራ ሁለቱንም አሳጣ። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ ሙከራውን ያከሸፈው በቋንቋዎቹ መካከል ያለው ርቀት አይደለም። ያከሸፈው አብሮነት የፍትሕ ውጤት መሆኑ ቀርቶ ቅድመ ሁኔታው መደረጉና ውሳኔው ከተናጋሪዎቹ ውጭ መሰጠቱ ነው።

2. የበደሉ ሥር

የወላይታ መንግሥት በንጉሥ ጦና ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ጦር ድል ተደርጎ ወደ ማዕከላዊው ግዛት ተቀላቀለ። የጋሞ ደጋማ አገሮች፣ ጎፋና ዳውሮም በዚያው ዐሥርተ ዓመት አካባቢ በግዛቱ ሥር ገቡ። ከድሉ በኋላ በአካባቢው የተተከለው የገባር ሥርዓት ገበሬውን ለሹመኛና ለወታደር ግብርና ጉልበት ከፋይ አደረገው። የመሬቱና የጉልበቱ ጉዳይ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ተጠንቷል፤ በቋንቋ በኩል የደረሰው ግን ከዚያ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል።

የአስተዳደሩ ቋንቋ አማርኛ ነበር። ዳኛው ፍርድ የሚሰጠው፣ ጸሐፊው ግብር የሚመዘግበው፣ አቤቱታ የሚጻፈው በአማርኛ ነበር። በመሬቱ ላይ ክርክር የተነሣበት የጋሞ ወይም የወላይታ ገበሬ ችሎት ፊት ሲቆም ቃሉን በአስተርጓሚ አፍ ማሰማት ነበረበት። አስተርጓሚው ታማኝ ቢሆን እንኳ ባለጉዳዩ የተናገረው በትክክል መተላለፉን፣ የተፈረደበትም ምን እንደሆነ በራሱ ጆሮ ሊያረጋግጥ አይችልም። ኢፍትሐዊነቱ መዋቅራዊ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዳኛው ቀና ሰው ቢሆንም ሥርዓቱ ያዘነበለ ነበር። ነገሩ አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ ተጠቃሚ ነበር ማለት ግን አይደለም። በሰሜን የነበረው ድኻ ገበሬም በራሱ ቋንቋ እየተከራከረ የግብርና የዳኝነት በደል ይደርስበት ነበር። ልዩነቱ የደቡቡ ገበሬ በዚያ ላይ የቋንቋ ግድግዳ ተጨምሮበት ነበር።

ስያሜም የዚሁ መዋቅር አካል ነበር። ወላይታዎች በመንግሥት መዝገብ «ወላሞ»፣ ዳውሮዎች «ኩሎ» እየተባሉ ይጻፉ ነበር። ሁለቱም ሕዝቦቹ ራሳቸውን የሚጠሩባቸው ስሞች አልነበሩም፤ ከጊዜ በኋላም የንቀት ቃና ተላበሱ። ሕዝብ ሌሎች ባወጡለት ስም ሲጻፍ በገዛ አገሩ መዝገብ ላይ እንግዳ ይሆናል። በኋላ በወጋጎዳ ላይ የተነሣው ቁጣ ስለ ስም ያን ያህል የተንገበገበው ከዚህ ታሪክ የተነሣ እንደሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቋንቋው ሥርዓት በሕግ ተደነገገ። ስለ ሚሲዮኖች በ1936 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ የአካባቢ ቋንቋዎች ለመነሻ ያህል ብቻ ተፈቀዱ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አደረገ። የዚህ ፖሊሲ ደጋፊዎች ያቀረቡት ምክንያት አብሮነት ነበር፤ ብዙ ልሳን ያለው አገር በአንድ ቋንቋ ካልተሳሰረ ይበተናል የሚል። ስለዚህ አብሮነት የሚለው ቃል በደቡብ ገበሬ ጆሮ ገና ከመጀመሪያው ከዝምታ ጋር ተያይዞ ገባ።

በዚህ መካከል አንድ የጎንዮሽ መንገድ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 በሶዶ ሥራቸውን የጀመሩት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰባኪዎችና ከእነርሱ በኋላ የተነሡት የአገሩ ወንጌላውያን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን ወደ ወላይትኛ መለሱ። ወላይትኛ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ቦታ ሳያገኝ በጸሎት ቤት የጽሑፍ ቋንቋ ሆነ። ይህ የጽሑፍ ልማድ በኋላ ለወላይትኛ ጥቅም፣ ለጎረቤቶቹ ደግሞ የቅሬታ ምንጭ ሆኗል።

3. የመጀመሪያው እርማትና ያስከተለው ደረጃ

የ1966ቱ አብዮት ሁለት ትላልቅ እርማቶችን አመጣ። በየካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሻረ። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በጊዜ ሂደት በ15 ቋንቋዎች ማስተማሪያ አዘጋጀ፤ ሁሉም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር። «ወላሞ» እና «ኩሎ» የመሳሰሉ ስያሜዎችም ቀስ በቀስ ከመንግሥት መዝገብ ወጥተው ሕዝቦቹ ራሳቸውን የሚጠሩባቸው ስሞች ተተኩ። የ1980ው ሕገ መንግሥት የብሔረሰቦችን ቋንቋዎች እኩልነት በወረቀት አሰፈረ።

በዚያ ዘመቻ ትልቁ ነገር ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በሚያውቁት ቋንቋ ፊደል መቁጠራቸው ነበር። ይሁን እንጂ የ15ቱ ቋንቋዎች ዝርዝር በጥንቃቄ ሲታይ አንድ ነገር ይገለጣል። ከሰሜን ኦሜቶ ቋንቋዎች መካከል በዝርዝሩ የገባው ወላይትኛ ብቻ ነበር። ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በየስማቸው አልተጠቀሱም። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም፤ ወላይትኛ ብዙ ተናጋሪ ነበረው፣ የጽሑፍ ልማድም ነበረው፣ ለጎረቤቶቹም የሚሰማ ነበር። ውጤቱ ግን ቋንቋዎቹን በአዲስ ደረጃ የሚያስቀምጥ ሆነ። ትናንት ከአማርኛ በታች እኩል የነበሩት አራቱ አሁን አንዱ በመጽሐፍ የሚነበብ፣ ሦስቱ በአፍ ብቻ የሚነገሩ ሆነው ተከፈሉ።

መዋቅራዊ ኢፍትሐዊነትን በማረም ታሪክ ይህ ደጋግሞ የሚታይ ነው። የላይኛው እርከን ሲነሣ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው እርከን ይገለጣል፤ አንዳንድ ጊዜም እርማቱ ራሱ አዲስ እርከን ይሠራል። የጋሞ ሰው በወላይትኛ ቢማር ከአማርኛ ይልቅ ይቀርበው ነበር። ነገር ግን የቀረበው ነገር የጎረቤቱ እንጂ የራሱ አልነበረም።

4. ከ1983 በኋላ፦ መብትና ወጪ

በሐምሌ 1983 የጸደቀው የሽግግር ጊዜ ቻርተር፣ በሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የቋንቋን ጥያቄ በአዲስ መሠረት ላይ አቆሙት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማዳበር መብት ይሰጣል። ፖሊሲው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ፈቀደ።

ይህ መብት በደቡብ ሲተረጎም ከባድ ጥያቄ ገጠመው። በ1984ቱ አዋጅ ቁጥር 7 በደቡብ የተቋቋሙት አምስት ክልሎች ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ክልሉ ከ50 የሚበልጡ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ነበር፤ ለሥራ ቋንቋነትም አማርኛን መረጠ፤ ይህም ከአባላቱ አንዱን ከሌላው የማያስበልጥ መፍትሔ ተደርጎ ተወሰደ። ከክልሉ ዞኖች አንዱ የሆነውና መቀመጫውን አርባ ምንጭ ያደረገው ሰሜን ኦሞ በውስጡ ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ብቻ ሳይሆን ኮንታን፣ ባስኬቶን፣ ዘይሴን፣ ኦይዳንና ሌሎችንም ይዞ ነበር።

ለእያንዳንዱ ቋንቋ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ ማሳተም፣ መምህር ማሠልጠን ገንዘብና የሰው ኃይል ይጠይቃል። በአንጻሩ አራቱ ዋና ዋና ቋንቋዎች ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ቢኖር ወጪው ይቀንሳል፣ መምህራን በዞኑ ውስጥ ያለ ችግር ይዘዋወራሉ፣ የዞኑ አንድነትም ይጠነክራል የሚል አሳብ ተነሣ። በወላይታ ልሂቃን ዘንድ የራስን ዞን የማግኘት ጥያቄ በሚነሣበት ጊዜ ይህ የመጨረሻው ምክንያት የፖለቲካ ክብደት ነበረው። ከሦስቱ ምክንያቶች ሁለቱ ስለ ትምህርት ሲሆኑ ሦስተኛው ስለ አስተዳደር ወሰን ነበር። በኋላ በተቃዋሚዎቹ ዘንድ ጎልቶ የታየው ሦስተኛው ነው።

5. ወጋጎዳ እንዴት ተሠራ፣ እንዴት ወደቀ

ቋንቋን መደበኛ ለማድረግ በአጠቃላይ ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ። አንደኛው ከዘዬዎቹ አንዱን መሠረት አድርጎ ከሌሎቹ ማበልጸግ ነው። ሁለተኛው ከሁሉም እኩል ወስዶ የማንም ያልሆነ አማካይ ማበጀት ነው። የመጀመሪያው አንዱን ያስቀድማል፤ ሁለተኛው ማንንም አያስቀድምም ግን ተናጋሪ የለውም። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በወላይትኛ የተሞከረው ወደ መጀመሪያው የቀረበ ነበር፤ ወጋጎዳ ሁለተኛው ነበር። ከአራቱ ቃላትና ቅርጾች ተለቅመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሰለፉ። የስሙ አወጣጥም ያንኑ ያሳያል፤ «ወ»፣ «ጋ»፣ «ጎ»፣ «ዳ»።

በመጽሐፍ ዝግጅት ጠረጴዛ ላይ ይህ ለሁሉም እኩል የሆነ ይመስል ይሆናል። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ጥቅሙ ሕፃኑ ፊደል ሲቆጥር ድምፁን ከሚያውቀው ቃል ጋር ማገናኘቱ ነው። ቃሉ ከጎረቤት ቋንቋ፣ መድረሻው ደግሞ ከሦስተኛ ቋንቋ የመጣ ከሆነ ሕፃኑ የሚያነበውን ቤት ውስጥ ሰምቶት አያውቅም። መምህሩም የራሱ ባልሆነ ዐረፍተ ነገር ፊት የተማሪውን ያህል ተቸገረ። ስለዚህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መብት ተብሎ የተሰጠው ነገር የማንም አፍ መፍቻ ያልሆነ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። በወላይታ በኩል ደግሞ የጽሑፍ ልማድ አስቀድሞ ስለነበረ ለውጡ እንደ ማሻሻያ ሳይሆን ያለን ነገር እንደ መንጠቅ ታየ።

ተቃውሞው ከመምህራንና ከተማሪዎች ተነሥቶ ወደ ወላጆችና ወደ ነጋዴዎች ተዛመተ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1999 በሶዶ የተነሣውን ሕዝባዊ ቁጣ የጸጥታ ኃይሎች በጉልበት ለመግታት ሞከሩ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ፣ ብዙ ሰዎች ታሰሩ። ከዚህ በኋላ መንግሥት መጻሕፍቱን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሰሜን ኦሞ ፈርሶ የወላይታ፣ የጋሞ ጎፋና የዳውሮ ዞኖች፣ እንዲሁም የባስኬቶና የኮንታ ልዩ ወረዳዎች ተቋቋሙ። የዞኑን አንድነት ለማጥበቅ የታሰበው መጽሐፍ ለዞኑ መፍረስ ቅርብ ምክንያት ሆነ።

6. የሥነ ልሳኑ ድርሻ

የክልላዊ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች ይህን ታሪክ ከሩቅ ሊመለከቱት አይችሉም፤ የወጋጎዳ ሙከራ በሙያው ቃላት የተሟገተ ነበርና። ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ሥራ ኦሜቶን በአንድ ቋንቋ ስም አቅርቦታል። ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እነዚህን ቋንቋዎች ከኩሻዊ አውጥቶ በኋላ ኦሞአዊ በተባለ የራሳቸው ቤተሰብ ካስቀመጠ በኋላ ኦሜቶ በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በምዕራብና በደቡብ ንዑሳን ቡድኖች ተከፍሎ መጠናት ቀጠለ። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜኑ ቡድን ይመደባሉ። በመካከላቸው ያለው የቃላት ተመሳስሎ በታወቁት ልኬቶች ወደ 80 በመቶና ከዚያም በላይ ነው። ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ «አንድ ቋንቋ ናቸው» ማለት አይከብድም።

ቁጥሩ የሚለካው ግን ከመሠረታዊ የቃላት ዝርዝር ውስጥ ስንቱ እንደሚመሳሰል ነው። ስለ ስም መድረሻ ምዕላድ፣ ስለ ግስ እርባታ፣ ስለ ድምፅ ልዩነት የሚናገረው ጥቂት ነው። ገበያ ላይ መግባባትና መጽሐፍ ማንበብም አንድ ችሎታ አይደሉም። በገበያ ሁለቱ ተናጋሪዎች እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ ሌላው ቃሉን ይለውጥለታል። መጽሐፍ ግን አይመልስለትም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የቃላት ተመሳስሎ ተናጋሪው ቋንቋውን ምን ብሎ እንደሚጠራና በማን ስም መጻፍ እንደሚፈልግ አይናገርም።

ኦሜቶ የሚለው ስም ለምድብ ሥራ ጠቃሚ ነው። የምድብ ስም ወደ ፖሊሲ ስም ሲሸጋገር ግን የሥልጣን መሣሪያ ይሆናል። ከአንድ ግንድ መውጣት በአንድ መጽሐፍ ለመማር ፈቃድ መስጠት አይደለም። ወንድማማቾች ስለሆኑ አንድ ስም ይበቃቸዋል የሚል አሳብ ከ«ወላሞ» እና ከ«ኩሎ» ዘመን አሳብ በዓላማው ቢለይም በአሠራሩ ይገናኛል፤ ሁለቱም ስም የሚያወጡት ከውጭ ነው።

7. የጎረቤት ምሳሌዎች

ሙከራው በአካባቢው ብቸኛ አልነበረም። በምዕራብ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የሉህያ ቋንቋ ኮሚቴ በልዩ ልዩ ስሞች ለሚጠሩ ተቀራራቢ ዘዬዎች አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ለማበጀት ሠራ። የተለያዩ ሚሲዮኖች በየአካባቢያቸው ዘዬ መጻሕፍት አሳትመው ስለነበር፣ በተለይም የሎጎሊና የቡኩሱ ተናጋሪዎች የራሳቸውን ለመተው ፈቃደኛ ስላልነበሩ፣ የጋራው ቋንቋ ሥር አልሰደደም። ነገር ግን በዚያው ዘመን የተስፋፋው «ሉህያ» የሚለው የጋራ ማንነት ጸና፤ እስከ ዛሬም በኬንያ ሕዝባዊ ሕይወት ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። የጋራው መጽሐፍ ሲቀር የጋራው ማንነት አልቀረም።

ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ በዛሬዋ ዚምባብዌ ደግሞ ክሌመንት ዶክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያቀረበውን ሪፖርት ተከትሎ የሾና ዘዬዎች በአንድ ሥርዓተ ጽሕፈት ተጠቃለሉ። ይህኛው፣ ቅሬታ ባያጣውም፣ ቆይቷል። የጽሑፍ ቋንቋው በዋናነት በዜዙሩና በካራንጋ ላይ ስለቆመ በአፍ የሚነገር መሠረት ነበረው፤ ሥራውም በትምህርትና በኅትመት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተደግፏል። ይህም ሥራ በቅኝ አገዛዝ ሥር የተከናወነ ስለሆነ የፍትሕ አርአያ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። የሚያስተምረው ግን አለ፦ የሚነገር መሠረት የሌለው መደበኛ ቋንቋ በአንድ የትምህርት ዘመን አይተከልም።

ሁለቱ ምሳሌዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ቋንቋን አንድ ማድረግና ሕዝብን ማስተባበር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ይታያል። ሉህያዎች ያለ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ተባበሩ። በሰሜን ኦሞ ግን የመጀመሪያው የሁለተኛው መንገድ ተደርጎ ታሰበ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል ስለ ትብብር የተነገረ ነው፤ በአባባሉ ውስጥ ድሩ ድርነቱን አይተውም።

8. ከመለያየት በኋላ

ከዞኖቹ መለየት በኋላ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ በየራሳቸው ስም፣ በላቲን ፊደል፣ የትምህርት ቋንቋዎች ሆነው አደጉ። ጋሞና ጎፋ እስከ 2011 ዓ.ም. በአንድ ዞን ሥር ሁለት ቋንቋ ይዘው ቆይተዋል፤ የአስተዳደር አንድነት የግድ የመጽሐፍ አንድነትን እንደማይጠይቅ በተግባር ያሳየ ጊዜ ነበር። በደጋው የገበያ ቀን አልተቀየረም፤ የዶርዜ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አልተቋረጠም። ይበተናል ተብሎ የተፈራው ዝምድና በመጻሕፍቱ መለያየት አልተበተነም።

መለያየቱ ሁሉን ፈታ ማለት ግን አይቻልም። በመጀመሪያ፣ የአስተዳደር ጥያቄው ቀጥሏል። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል የመሆን ጥያቄ አቀረበ። ዳውሮና ኮንታ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ገቡ፤ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ባስኬቶ በ2015 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተካተቱ። ሁለቱም ክልሎች አማርኛን የሥራ ቋንቋ አድርገው ይዘዋል። በአንድ ወቅት የመገለል ምልክት የነበረው ቋንቋ ዛሬ በፈቃድ ለጋራ ሥራ መመረጡ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ ቋንቋው ራሱ በዳይ አልነበረም፣ የበደለው ያለ ፈቃድ መጫኑ ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ አነስተኛ ተናጋሪ ያላቸው ቋንቋዎች ጥያቄ አለ። ዘይሴ፣ ኦይዳ፣ ጊዲቾና መሰሎቻቸው በትልልቆቹ ጎረቤቶቻቸው ፊት የቆሙት ጋሞና ጎፋ ቀድሞ በወላይትኛ ፊት በቆሙበት ሁኔታ ነው። በሦስተኛ ደረጃ፣ በየሕዝቡ ውስጥ የሚኖር እርከን አለ። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና»፣ ብረት ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ» እየተባሉ ከመሬትና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። የጋሞ ቋንቋ መማሪያ ሲሆን የማን ንግግር፣ የማን ሥራ፣ የማን ተረት በመጽሐፉ ይገባል የሚለው ጥያቄ ከውጭ ሰው በደል ጋር የማይገናኝ፣ ለራሱ ለባለቤቱ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በራሷ ቋንቋ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የእናቷን ሙያ በክብር ካላገኘች እርማቱ ወደ እርሷ ገና አልደረሰም።

ስለ አብሮነት ግን አካባቢው የራሱ ልማድ አለው። በጋሞ «ዱቡሻ» የሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ጉዳይ በሽማግሌዎች መሪነት በውይይት የሚታይበት፣ ክርክሩ እስከሚረግብ የሚቀጥልበት ስፍራ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ አካባቢ በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት ከደረሰ በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው ይታወሳል። በዚያ ቀን አባቶቹ ወጣቶቹን በደል አልደረሰባችሁም አላሏቸውም። በደሉን ሳይክዱ በደልን በበደል መመለስን ከለከሉ። የወጋጎዳ መጻሕፍት ወደ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በየአደባባዩ እንዲህ ባለ ሸንጎ ፊት ቢቀርቡ ኖሮ ተቀባይነት ያገኙ ነበር ለማለት አይቻልም። ምናልባት በግልጽ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ግን ውድቅ የሚደረጉት በቃል ነበር፣ በሰው ሕይወትም አይሆንም ነበር።

9. መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ የቋንቋ ኢፍትሐዊነት ከመግባባት እጦት የሰፋ መሆኑ ነው። ተናጋሪዎች የጠየቁት የሚሰሙት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ስም የሚጠራ ቋንቋ ነው። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሌሎች ባወጡለት ስም ለተጻፈ ሕዝብ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሁለተኛው፣ እርማት በእርከን እንደሚሠራ ነው። አማርኛ ብቻ የነበረበት ትምህርት ቤት ወላይትኛን ሲያስገባ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ጥያቄ ተወለደ፤ የእነዚህ ሲመለስ የዘይሴና የኦይዳ፣ ከዚያም የማናና የደጋላ ጥያቄ ይታያል። እያንዳንዱ እርማት ቀጥሎ የሚገለጠውን እርከን አስቀድሞ ካልተመለከተ ቅሬታን ያዛውራል እንጂ አያስወግድም።

ሦስተኛው፣ አብሮነት በፍትሕ ላይ የሚጣል ገደብ ሆኖ ሲቀርብ ሁለቱም እንደሚጎዱ ነው። በ1936 እና በ1948 የወጡት ሕጎች አንድነትን ምክንያት አድርገው ቋንቋዎችን ከትምህርት ቤት አስወጡ፤ በ1992 ደግሞ ያው ምክንያት ቋንቋዎቹን በአንድ መጽሐፍ አቀለጠ። ዓላማዎቹ የተራራቁ ነበሩ፤ ሆኖም በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ አልተጠየቀም። ለሥነ ልሳን ተመራማሪው ከዚህ የሚተርፈው ግልጽ ኃላፊነት ነው፤ ቋንቋዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ መናገር የሙያው ሥራ ሲሆን፣ አብረው ይጻፉ ወይስ ለየብቻ የሚለው ግን የተናጋሪዎቹ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ጥያቄ ማቅረብ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል የሶዶ መንገዶች በ1992 ዓ.ም. አሳይተዋል።